እሷ ስትጠራ፣ እሱ ሲሰካ

ሰፈሩ ባለገመዱ ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት የተጠቀለለ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ሲወጣ ስለሚያዩት ባለገመዱ አሉት፣ እሱም አቤት አለ። ሚስቱን ደግሞ ጠሪዋ ይሏታል። ይህን ስም ያወጣላት ራሱ ነው። አንድ ቀን ለቀልድ ከአፉ አመለጠው፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ሰማች፣ በቃ፤ ሳምንት ሳይሞላ ዳቦ ሻጩ ሳይቀር «ጠሪዋ፣ እንዴት አደርሽ» ይላት ጀመር። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። በኋላ ለመደችው፣ ከዚያም ወደደችው።

እንጀራቸው ሰርቨር መግጠም ነው። ሰርቨር የመሥሪያ ቤት ወረቀት ሁሉ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ከውጭ ሲያዩት የቆርቆሮ ሣጥን ነው፣ ክዳኑ ሲነሳ ግን ሆዱ ውስጥ ዲስኮች እንደ ዳቦ ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። እያንዳንዱ ዲስክ ሁለት ገመድ አለው። አንደኛው ኤሌክትሪክ ያመጣለታል፤ ሌላኛው ቀጭንና ጠፍጣፋ ሆኖ የተጻፈውን ያመላልሳል። ይሄ ጠፍጣፋው ሄዶ ቦርዱ ላይ በተርታ ከተደረደሩት መሰኪያዎች አንዱ ውስጥ ይገባል። መሰኪያዎቹ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ ይጀምራል፣ የተጻፈውም የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ነው። የትኛው ዲስክ የትኛው መሰኪያ ላይ እንደነበረ ከጠፋ ሣጥኑ የገዛ ልጆቹን አላውቃቸውም ይላል። ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ አንዷ ገመድ ቦታዋን ብትስት የአንድ ዓመት ድካም ውሃ በላው ማለት ነው።

የባለገመዱ እጅ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ዓይኑ ግን ከጉልምስናው ጀምሮ ቅርብ ያለ ነገር ያደበዝዝበታል። መነጽር አለው፤ ቀና ብሎ ሲያነብበት ደህና ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ግን ከአፍንጫው ተንሸራቶ ይወድቃል። አንዴማ መነጽሩ ማራገቢያው ላይ ወድቆ አንድ ክንዱ ተቆርጦ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ላስቲክ ልስፋልህ ብላው ነበር። እሺ አመጣልሻለሁ እያለ ስንት ዓመት አለፈ። ዓይኑ ከበራለት ጠሪ ምን ያደርግለታል? እሱ ደግሞ ያለ ጠሪው መሥራት አልፈለገም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ በጣቱ ይሠራል። የግራ እጁን ሌባ ጣት ዳር ካለው መሰኪያ ላይ ያሳርፍና ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ በዳበሳ ይሄዳል። እሷ በአንድ እጇ ባትሪ፣ በሌላው ዝርዝሩን ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። «ሰባት» ትላለች። «ሰባት» ይላል ከሣጥኑ ውስጥ። ጠቅ። «ሁለት።» «ሁለት።» ጠቅ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ እሷ ሳትጠራ እሱ አይሰካም፣ እሱ ሳይደግም እሷ ቀጣዩን አትጠራም። ጠብ ያለ ቀን እንኳ፣ ቤት ውስጥ ተኮራርፈው የወጡ ቀን፣ ሌላ ቃል ሳይለዋወጡ በዚያ ቁጥር ብቻ ሲነጋገሩ ውለው ታርቀው ይመለሳሉ።

የተዋወቁትም በዚሁ ነው። እሱ ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፣ እሷ ከላይ ፎቅ መዝገብ ቤት ፋይል ታወጣለች፣ ፋይል ትመልሳለች። መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የሚባል ነገር አስመጣ። የገጠመው ሰው ገጥሞ ሄደ፣ መመሪያው ጠፋ፣ ዓመት ሳይሞላ ሣጥኑ በአቧራ ታፍኖ ይጮህ ጀመር። አለቃው ባለገመዱን ጠርቶ ፈታተህ አጽዳው አለው። እሱም ካቻቢቴውን ይዞ ክዳኑን አነሳ፣ ስምንቱን ገመዶች አየ፣ ላብ አጠመቀው። ነቅሎ ማጽዳቱስ ይሁን፣ ማን የት እንደነበረ በምን ያውቃል? ፋይል ልታደርስ የወረደች አንዲት ቀጭን ልጅ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ምንም ሳትለው ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ከድንገተኛ ሕክምና ሣጥን የወሰደችው የቁስል ፕላስተርና እስክሪብቶ እጇ ላይ ነበር። ፕላስተሩን እየቀደደች በየገመዱ ላይ ለጠፈች፣ ቁጥር ጻፈች፣ ወረቀት ላይ ዘረዘረች። ፋይል ከመደርደሪያው ሲወጣ ቦታው ላይ ምልክት ይቀመጣል፣ ገመድም ከፋይል አይበልጥም አለችው። ሣጥኑ ሲጸዳ እሷ ጠራች፣ እሱ ሰካ። ሦስት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ አንድ፣ አምስት፣ ሁለት፣ ስድስት፣ አራት።

ያቺን የስምንት ቁጥር ተርታ ሁለቱም በቃላቸው ያዟት። ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ «ሦስት» ይላታል፣ «ዜሮ» ትለዋለች፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው ሁሉ ግራ ይጋባል። ከተጋቡም በኋላ ልጃቸው አፏን ስትፈታ እናትና አባቷ ሲባባሉ የምትሰማው ይህንኑ ስለነበር መቁጠር ብላ የያዘችው እሱን ነው። ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን አስተማሪዋ አስጠራቻቸውና ልጅቷ እስከ ስምንት ቁጠሪ ስትባል ከሦስት ተነስታ ዜሮ፣ ሰባት፣ አንድ ትላለች፣ ቤት ውስጥ የሚያስቆጥራት ማነው ብላ ጠየቀች። ተያዩና ሳቁ። አስተማሪዋ እስኪከፋት ድረስ ሳቁ። ልጅቷ ዛሬ ሌላ ከተማ ነርስ ናት።

መሥሪያ ቤቱን ለቀው በራሳቸው መሥራት ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ዲስክ ጠፍቶባቸው አያውቅም ነበር፤ እስከ ክሊኒኩ ድረስ።

የወሊድ ክሊኒክ ነው። ስምንት ዲስክ ያለው ሰርቨር አላቸው፣ ከስምንቱ አንዱ ሞተ። ይሄ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። እነዚህ ዲስኮች ተጋግዘው የሚኖሩ ናቸው፤ አንዱ ቢሞት የቀሩት የእሱን ሸክም ተካፍለው ይዘው ይቆያሉ፣ ሣጥኑም ሳይጠፋ ሥራው ይቀጥላል። የሞተው ተነቅሎ በቦታው አዲስ ይገባል፣ ሌሎቹ ያወቁትን ያስተምሩታል። ችግሩ በሞተው ፋንታ ደህናው የተነቀለ እንደሆነ ነው። አንዱን ተሸክመው የቆሙት ሁለተኛ ሲጨመርባቸው አብረው ይወድቃሉ።

የሞተው ዲስክ መለያ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ወጥቷል። ጠሪዋ ያንን ቁጥር ከራሷ ዝርዝር ጋር አስተያይታ መሰኪያውን መጥራት ነበረባት። ባትሪውን አበራች፣ ወረቀቱን ያዘች።

«ሦስት» አለች።

«ሦስት» አለ ባለገመዱ፣ ጣቱ ዳብሶ አገኘ፣ ነቀለ።

ሣጥኑ ለአፍታ ዝም አለ፣ ከዚያ ረዥም የማያባራ ጩኸት አሰማ። በሥራው ሁሉ የሚፈራት ድምፅ ያቺ ነበረች፤ ከሌላ ሰው ሣጥን ሰምቷት ያውቃል፣ ከራሱ እጅ ሥር ግን ሰምቷት አያውቅም። ቶሎ መልሶ ሰካ። ምንም የለም። ወረቀቱን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ አየ። በራሷ በተጣራ የእጅ ጽሑፍ ስድስት ይላል።

የክሊኒኩ ኃላፊ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ጋሼ ነው የምትለው። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ እንዳላቸው፣ ግን ከተገለበጠ ሦስት ወር እንዳለፈው ነገረችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና የሦስት ወር እናቶች ናቸው ጋሼ፣ ደማቸው፣ ግፊታቸው፣ የልጆቻቸው ክብደት፣ ሁሉም አለች። ባለገመዱ እጄ ነው የሳተው አለ።

ጠሪዋ ፈጠን ብላ ቀበል አደረገች። «እጁ ነው። እኔ ስድስት ነው ያልኩት።»

ዞሮ ፊቷን አየ። ውሸት ፈለገበት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ኖሯል፣ ስትዋሽ የግራ ቅንድቧ ከፍ እንደሚል ያውቃል። ቅንድቧ ባለበት ነው። ስድስት ማለቷን በሙሉ ልቧ ታምናለች።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ክንዱን ይዛ አይዞህ ትለው ነበር። ዕድሜ ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል፣ ከእንግዲህ ቀስ እያልን እንሠራለን። ቤት ገብታ ውሃ አሞቀች፣ ዘይት አመጣች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸችለት። ለልብስ ሰፊዋም የእጁ ነገር አሳስቦኛል፣ እንዳይሰማ እንጂ ድሮ እንደነበረው አይደለም አለቻት። እሱ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ሰማ። ምን ይበል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ክሊኒክ እየተመላለሰ አዋላጆቹ በደብተር የያዙትን እያየ ከጸሐፊዋ ጋር ሲያስገባ ከረመ፤ የተገኘው ተገኘ፣ ያልተገኘው ቀረ። ሚስቱ ምሳ እየቋጠረች ላከችው። የገዛ ጥፋቷን ከምሳው ጋር ቋጥራ እሱን እንደምታሸክም አታውቅም ነበር።

ልጁን ስልክ ደውሎ አማከራት። ልጅቷ ነርስ አይደለች፣ ወዲያው ገባት፣ ሐኪም ጋ አድርሳት አለችው። ለዓይን ነው ብሎ ወሰዳት። ሐኪሙ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ ቢላት የእኔ ቁጥር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፣ እንዳንተ ከላይ አይወርድም ብላ አሳቀችው። አልቆጠረችም ግን። ሐኪሙ ባለገመዱን ብቻውን አስጠርቶ የመርሳት በሽታ እንደያዛት፣ በሽታው ቀስ እያለ እንደሚሄድ፣ የሚመልሰው መድኃኒት እንደሌለ፣ የምታውቀውን ሥራ ባትቀማ ጥሩ እንደሆነ ነገረው። ደህና ቀን ይኖራታል፣ ክፉ ቀን ይኖራታል፣ የትኛው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም አለ።

ልጅቷ ንገራት አለችው። ነገ እነግራታለሁ አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ደውላ ነገርካት ወይ አለችው። ሥራ በዛብን አላት።

«አባዬ፣ የራሷ ጉዳይ እኮ ነው» አለችው ልጁ። «አንተ ደብቀህ የምትይዝላት ዕቃ አይደለም።»

እውነቷን ነው። ነገር ግን ቢነግራት የምትለውን ያውቃል፤ በማግሥቱ ባትሪውን ታስቀምጣለች፣ ሁለተኛ አትነካውም። ያለዚያች ባትሪና ያለዚያች ወረቀት ሚስቱ ምን ሆና እንደምትውል ማሰብ አልቻለም። ራሱም ያለ ድምፅዋ ሣጥን ውስጥ አንገቱን ሲያስገባ አልታየውም። ዝም ቢል ደግሞ የሰው ንብረት አለ፤ ነገ የሌላ እናት፣ የሌላ ልጅ መዝገብ ሊጠፋ ነው። ይህን ይዞ ጎኑ መኝታ አጣ።

የውሃ መሥሪያ ቤት ሥራ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አዲስ ሣጥን ውስጥ የድሮዎቹን ዲስኮች ማስገባት ነው። እሷ ባትሪውን አብርታ ቆመች፣ እሱ አንገቱን አስገባ።

«ሦስት» አለች።

«ሦስት» አለ። ጣቱን ግን አላንቀሳቀሰም።

«ዜሮ» አለች። «ሰባት። አንድ።»

የባትሪው ብርሃን ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ወረቀቱ ተጣጥፎ ክንዷ ሥር ነው። ድምፅዋ እንደ ድሮው ንጹሕ ነው፣ እንደውም ከድሮው የበለጠ ለስላሳ ነው፣ የመዝገብ ቤቷ የቀጭኗ ልጅ ድምፅ። የምትጠራው የመጀመሪያውን ሣጥናቸውን ነው። ክሊኒክም ሦስት ያለችው ከዚያው እንደሆነ ያኔ ገባው። እንባው ግጥም አለ። እንባ ቦርድ ላይ ጠብ ቢል ሌላ ጣጣ ነው፣ በእጅጌው ጠረገው። አምስት አለች፣ አምስት አለ። ሁለት አለች፣ ሁለት አለ። ምንም አልሰካም፤ ጥፍሩን ከቆርቆሮው ጋር እያጋጨ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል እንጂ። ስምንቱን ጨርሳ ዝም ስትል ወገቡን ይዞ ቀና አለና ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ፣ ወረቀቱን ስጪኝማ፣ አንዷን ቁጥር ላጣራ አላት። ኮሪደር ወጥቶ መነጽሩን አድርጎ እንደ ተማሪ ልጅ ተርታውን ሸመደደ። ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ጥሪልኝ አላት። እንደገና ጠራችለት። እሷ ያለችውን በአፉ ይደግማል፣ እጁ ግን የሸመደደው ቦታ ይሄዳል። ሣጥኑ ተነሳ። ዲስኮቹ በሙሉ ታወቁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ። ሥራ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩን አስቀድሞ በራሱ ዓይን ያጣራል፣ ጓዳ ገብቶ በብጣሽ ወረቀት ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። እሷ ትጠራለች፣ እሱ ይደግማል፣ እጁ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። አፍ አንድ ቁጥር ሲል እጅ ሌላ ቁጥር መሄድ ቀላል አይምሰላችሁ። ማታ ሲመለስ ራሱን ይዞ ነው የሚተኛው። ከአምስቱ ቀን ሦስቱን ልክ ትጠራለች፤ እሱ ግን ልክ ይሁን ስህተት መስማት ትቷል። ይህ ይቀለዋልና ጆሮውን ዘጋው። ድምፅዋ ብቻ ይበቃዋል።

እሷ ደስ ብሏታል። እጅህ ተመለሰልህ፣ ዘይቱ ሠራ እኮ ትለዋለች። ለልብስ ሰፊዋም ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ መጣች፣ እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አመሰገነ።

ስምንት ወር ያህል ሄዱበት።

ትምህርት ቤቱ የጠራቸው ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ባሉበት ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዲስክ፣ የአሥራ አምስት ዓመት የተማሪዎች ውጤት። የድሮው ሣጥን ተቃጥሏል፣ ዲስኮቹ ተርፈዋል፣ አዲስ ሣጥን ውስጥ እንደነበሩ መግባት አለባቸው። ከትናንት ወዲያ ሲነቅሉ እሷ ለጥፋ ጽፋ ነበር፣ እሱም አንድ በአንድ አመሳክሮ ልክ ሆኖ አግኝቶታል። ማታ ገለበጠው። ዓይኑ ደክሞት ነበር።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ እሷም እንደዚያው። በመንገድ ላይ የአውቶቡሱን ቁጥር ከሩቅ አንብባ ነገረችው፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ልጅህ ተሻለው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ዘበኛው የነገራት ባለፈው ነው፣ ባለገመዱ ራሱ ረስቶታል። ክፍሉ ውስጥ ጠመኔ ይሸታል። ሣጥኑን የአስተማሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን አነሱ። አንገቱን አስገባ።

«አራት።» «አራት።» ጠቅ። «አሥራ አንድ።» «አሥራ አንድ።» ጠቅ። «ዜሮ።» «ዜሮ።» «ሰባት።» «ሰባት።»

«ዘጠኝ» አለች።

«ዘጠኝ» አለ፣ እጁ ግን እንደሸመደደው ሁለት ላይ ሄዶ ሰካ። ጠቅ።

ቀጣዩን ጠበቀ። አልጠራችም።

ባትሪው ዘጠኝ ላይ ነበር። የእሱ እጅ ከብርሃኑ ውጭ በሣጥኑ ሌላ ጥግ ጨለማ ውስጥ ነበር። ብርሃኑ ቀስ ብሎ መጥቶ እጁ ላይ ቆመ።

«ዘጠኝ አልኩህ።»

«ዘጠኝ አልኩሽ እኮ።»

«አፍህማ አለ። እጅህ ሁለት ላይ ነው።»

እጄ ሳተ አላት።

«የሳተ እጅ ይደናበራል» አለች። «ያንተ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። የሚሄድበትን ያውቃል።»

ከሣጥኑ ወጣ። ፊቷን ማየት ፈርቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እሷም ባትሪውን አጠፋች፣ የተማሪ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችው። ከክሊኒኩ ወዲህ ነው አለች ራሷ። ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ወዲህ አለ፣ ያ የሚያቀልለት መስሎት።

«ክሊኒኩስ?»

መነጽሩን በእጅጌው ወለወለ።

«እኔ ነበርኩ?»

«አዎ።»

«ምን ብዬ ጠራሁ?»

«ሦስት።»

ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ሦስት፣ ዜሮ፣ ሰባት። ከየት እንደመጣ ሊነግራት አላስፈለገም። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ስንት እናት ነበረ አለችው። አልነገራትም።

«በሰው ሁሉ ፊት እጁ ነው አልኩ» አለች። «አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ዘይት ተቀባህ።»

«ደስ ይለኝ ነበር» አላት። ሳቅ ነገር መጣባቸው፣ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቀረ።

ከዚያ ዛሬስ ማን ነው ልክ አለችው። ብጣሽ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ከእሷ ዝርዝር ጎን አስቀምጦ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። አራት፣ አሥራ አንድ፣ ዜሮ፣ ሰባት። አምስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ማታ ሲገለብጥ አንድ መስመር ዘልሏል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ከፍ ብሎ ተጽፏል። እሷ ባትይዘው ሰባት ገመድ ያለ ቦታው ገብቶ፣ አንዱም መሰኪያ አጥቶ በእጁ ይቀር ነበር። ዛሬ ጥርት ብላ መጥታለች፣ ዛሬ እያንዳንዱን ልክ ጠርታለች፣ እሱ ግን አልሰማትም። ስምንት ወር ሙሉ ልክ የጠራችባቸውን ቀኖች ሁሉ አልሰማትም።

«ዛሬ አንቺ ነሽ ልክ» አላት። «እንቀጥል። ጥሪልኝ። እንዳልሽው እሰካለሁ፣ በእናትሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ ልክ ነኝ። ነገ ልክ መሆኔን አንተ አታውቅም። እኔ ደግሞ ጭራሽ አላውቅም።»

ተነሳች። ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ እሱ በሚያየው በኩል አስተካክላ አስቀመጠች፣ እንዳይንሸራተት ካቻቢቴውን ጫነችበት፣ ባትሪውን እጁ ውስጥ አደረገች። ራስህ እያየህ ስካ፣ የልጆች ውጤት ነው፣ አትቸኩል አለችው። በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ያወልቃል። በየቁጥሩ በአፉ ይናገርና ጆሮውን ቀስሮ ይቆማል፣ ከዚያ ማንም እንደሌለ ሲያስታውስ ይሰካል። ሁለት ላይ የሰካውን ነቅሎ ዘጠኝ ላይ መለሰው። አሥራ ሁለተኛውን ሰክቶ ክዳኑን ገጠመ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ አበራው። ማራገቢያዎቹ ተነሱ። አሥራ ሁለቱ አረንጓዴ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ።

ኮሪደሩ ውስጥ ረዥም የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ተነሳ ወይ አለችው። ተነሳ አላት። አሥራ ሁለቱም? አሥራ ሁለቱም።

ጎኗ ተቀመጠ። ከግቢው ውጭ መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። እጇን ሊይዝ ፈለገ፣ በእጁ ግን ምንም ነገር ማድረግ አፈረ።

«ታዲያ» አለች ወደ ግድግዳው እያየች፣ «ከነገ ጀምሮ ጠዋት ስትወጣ እኔ ምን ልሥራ?»

ስምንት ወር ሙሉ ሲሸሻት የነበረችው ጥያቄ ይህችው ናት። መልስ ይሆናል ያለውን ሁሉ በልቡ አገላበጠ፤ ቤት አለ፣ ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ልጅቷ ጋ ሄዶ መሰንበት አለ። አንዱም ከአፉ አልወጣም። እሷም ተነሳች፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ብላ ቀድማው ወደ ደረጃው ሄደች።